ስለ ግራፊክስ ካርድ የሚወጡ ግምገማዎችን እስከ ምን ድረስ ልመን?

ጥያቄ፦ ሚኪያስ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የቤት ውስጥ ዲዛይን ሲሆን ሥራዬን ብሌንደር በተባለው ሶፍትዌር ሬንደር አደርጋለሁ፤ ማለትም ከንድፉ ፎቶ የሚመስል ምስል አወጣለሁ። አሁን ያለኝ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚያሰላው የኮምፒውተሩ ክፍል) ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ ከበድ ያለ ሳሎን ስሠራ፣ በተለይ ምንጣፍና መጋረጃ ሲበዛበት፣ ሜሞሪው ይሞላና ሥራው መሀል ላይ ይቋረጥብኛል። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ አዲስ ካርድ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። እዚያ የገዛ ሰው ዕቃው ካልተስማማው ይመልሳል፤ እኔ ግን ካርዱ አንዴ በሻንጣ ቦሌ ከገባ በኋላ ለማን እመልሰዋለሁ? ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የምይዘው የገምጋሚዎችን ቃል ብቻ ነው።

ግራ ያጋባኝም ይኸው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የካርድ አምራቹ የኢንቪዲያ ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ፣ የ549 ዶላሩ አርቲኤክስ 5070 ካርድ ካለፈው ትውልድ ኃያል የነበረውን የ4090ን ያህል አቅም እንደሚሰጥ መድረክ ላይ ቆመው ተናገሩ። ይህንኑ እንዳለ ተቀብለው ርዕስ ያደረጉ ጽሑፎች አነበብኩ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ካርዱን በእጃቸው ያገኙት ፈታኞች ደግሞ የተባለው ደረጃ ላይ እንደማይደርስ አሳዩ። አብዛኞቹ ገምጋሚዎች ካርዱን ከአምራቹ በነጻ ይቀበላሉ። በእኛ ዘንድ የበሉበትን ወጪት መስበር ነውር ነው። በነጻ የሰጠን ሰው ዕቃ በድፍረት ማነወር የሚችል ሰው አለ ወይ? ካለስ በምን አውቀዋለሁ?

መልስ፦ ትዕግሥት

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ጭንቀቱን ያሳደሩበት ቦታ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። የካርዱ ዋጋ ለአንድ ትልቅ የግምገማ ቤት ብዙም አይደለም፤ ከሱቅ ገዝቶ መፈተን ይችላል። ሊገዛው የማይችለው ጊዜን ነው። አንባቢ የሚጎርፈው ካርዱ ገበያ በሚወጣበት ቀን ስለሆነ፣ ከሳምንት በኋላ የሚወጣ ግምገማ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። አምራቹ በእጁ የያዘው ኃይል ታዲያ ይህ ነው፤ ካርዱንና ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ኢንቪዲያ ሃርድዌር አንቦክስድ ለተባለው የአውስትራሊያ ገምጋሚ ቡድን፣ ከእንግዲህ ፋውንደርስ ኤዲሽን የተባሉትን የራሱን ካርዶች እንደማይልክለት በኢሜይል አሳወቀው። ምክንያቱ ቡድኑ የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል በሚሠራው በሬይ ትሬሲንግ ላይ ሳይሆን በተለመደው የጌም አሠራር ላይ አተኩሮ መፈተኑ ነበር። ደብዳቤው ይፋ ሲወጣ ከሌሎች ገምጋሚዎች ሳይቀር ቁጣ ተነሣ፣ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔውን አነሣ። ቡድኑ ቁጥር አዛብቷል ያለ ማንም አልነበረም፤ የቅሬታው መነሻ የሚለካውን ነገር ራሱ መምረጡ ነው።

በሜይ 2025 አርቲኤክስ 5060 ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ካርዱ እስከሚሸጥበት ዕለት ድረስ ለአብዛኞቹ ገምጋሚዎች ድራይቨር አልተሰጣቸውም፤ ያለ ድራይቨር ካርዱ ሥራ አይሠራም። ቀድመው ድራይቨሩን ካገኙት ጥቂት ቤቶች አንዳንዶቹ፣ የሚፈትኑባቸውን ጌሞችና የሚያነጻጽሩባቸውን አሮጌ ካርዶች የመረጠላቸው አምራቹ እንደነበር ተናገሩ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ውሸት ላይኖር ይችላል፤ አንባቢው ግን የሚያየው አምራቹ በከፈተለት መስኮት ብቻ ነው። እንግዲህ ግምገማ ሲያነቡ መጀመሪያ የፈተናውን ዝርዝር ይመልከቱ፦ ጌሞቹን የመረጠው ማን ነው? ድራይቨሩ መቼ ተሰጠ? ይህን የማይገልጽ ጽሑፍ እኔ አልይዘውም።

መልስ፦ ዳንኤል ገ.

በወይዘሮ ትዕግሥት ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ገምጋሚው ፍጹም ነጻ ቢሆንና ጌሙንም ራሱ ቢመርጥ እንኳ የሚያየው ቁጥር ሊያታልለው እንደሚችል መርሳት የለብንም። ይህን ሙያ ከ20 ዓመት በላይ ስለተከታተልኩ ሁለት ነገር ላስታውስ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የካርድ አምራቹ ኤቲአይ ሬዲየን 8500 የተባለውን ካርድ ሲያወጣ፣ ሃርድኦሲፒ የተባለው ድረ ገጽ አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። ኩዌክ 3 የተባለውን ጌም የሚያስነሣውን ፋይል ስሙን ብቻ ቀየረና «ኩዌክ» የነበረውን «ኳክ» አለው። ጌሙ ያው ራሱ ነው፣ የተቀየረ ነገር የለም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ወረደ፣ ምስሉ ደግሞ ጠራ። ድራይቨሩ የፋይሉን ስም እያየ፣ መፈተኛ ሆኖ የታወቀው ጌም ሲመጣ ብቻ የምስሉን ጥራት ቀንሶ ፍጥነት ይጨምር ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊት የወጣው ቁጥር ሁሉ ገምጋሚዎቹ በቅንነት ያተሙት ነበር።

በ2003 ተራው የኢንቪዲያ ሆነ። ስሪዲማርክ 03 በተባለው መፈተኛ ካሜራው ሁልጊዜ በተወሰነለት መንገድ ብቻ ስለሚሄድ፣ ድራይቨሩ ካሜራው የማያየውን ክፍል አስቀድሞ አውቆ ሳይሥል ይተወው ነበር። ካሜራውን ከመንገዱ ለማውጣት የሚያስችል ልዩ ቅጂ የነበራቸው ጋዜጠኞች ወደ ጎን ሲያዞሩት ሥዕሉ ተበላሽቶ ታየ። መፈተኛውን የሚሠራው ፊውቸርማርክ ማስተካከያ ሲያወጣ የኢንቪዲያው ካርድ የጂፎርስ ኤፍኤክስ 5900 አልትራ ውጤት በ24.1 በመቶ ወረደ። ከሁሉ ያሳዘነኝ የተከተለው ነው፤ በቀጣዩ ወር ፊውቸርማርክ ከኢንቪዲያ ጋር በሰጠው የጋራ መግለጫ ድርጊቱን ማጭበርበር ማለቱን ትቶ ሌላ ለስለስ ያለ ስም ሰጠው። ዳኛው ራሱ ከኢንዱስትሪው ጋር ተስማምቶ መኖር ነበረበት።

የሌላው የኢንቪዲያ ካርድ የጂቲኤክስ 970ም ጉዳይ አለ። በ2014 ገምጋሚዎች ሁሉ ከአምራቹ የተላከላቸውን ሰንጠረዥ እንዳለ ገለበጡት፤ ከ4 ጊጋባይቱ ሜሞሪ 0.5 ጊጋባይቱ ከቀረው እጅግ የዘገየ መሆኑ የታወቀው በ2015 መጀመሪያ ተጠቃሚዎች ደርሰውበት ነው። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ ያለውን የሚደግም ሳይሆን ለክቶ የሚያሳይ ገምጋሚ ይፈልጉ።

መልስ፦ ሣራ፣ ሙኒክ

ከላይ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም አቶ ሚኪያስ ማንንም ማመን አይቻልም ብለው እንዳይደመድሙ እሰጋለሁ። ይህ ሙያ ራሱን ያረመባቸው ጊዜያትም አሉ። ለብዙ ዓመታት ሁሉም የሚያትመው በሰከንድ የሚታዩትን ፍሬሞች (ተከታታይ ምስሎች) አማካይ ነበር። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 59 ፍሬሞች በ800 ሚሊሰከንድ ቢያልፉና አንዱ ብቻውን 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ 60 ይሆናል፤ ተጫዋቹ ግን ምስሉ ሲቆም በዓይኑ ያያል። በ2011 ቴክ ሪፖርት የተባለው ድረ ገጽ ገምጋሚ ስኮት ዋሰን የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ ለይቶ ማተም ጀመረ፣ ሌሎችም ቀስ በቀስ ተከተሉት።

በ2013 ደግሞ ለዚሁ ልኬት ኤፍካት የተባለ መሣሪያ መጣ፤ ያዘጋጀው ኢንቪዲያ ነበር፣ ያጋለጠውም የተፎካካሪውን የኤኤምዲን በጥንድ ተጣምረው የሚሠሩ ካርዶች ጉድለት ነው። ጥቅም እንዳለበት ግልጽ ነው። ግኝቱ ግን እውነት ስለነበር ኤኤምዲ ጉድለቱን አምኖ በዚያው ዓመት የተስተካከለ ድራይቨር አወጣ። ከዚህ የተነሣ እኔ መሣሪያው ከማን መጣ ከማለት ይልቅ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ፈተና ደግሞ ቢሠራው ያንኑ ውጤት ያገኛል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስና፣ የጌም ግምገማ ለሥራዎ የሚጠቅመው ጥቂት ነው። ያ የ5070 ንግግር የተመሠረተው ካርዱ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየገመተ በሚጨምራቸው ፍሬሞች ላይ ነው፤ ብሌንደር ላይ አንድ ሳሎን ሬንደር ሲያደርጉ ይህ አንዳች አይረዳዎትም። የ5070 ሜሞሪ 12 ጊጋባይት፣ የ4090 ደግሞ 24 መሆኑ ግን በቀጥታ ይነካዎታል። ብሌንደር ተጠቃሚዎች የሚልኩትን ውጤት የሚያሰባስብበት ኦፕን ዳታ የተባለ ገጽ ስላለው የካርዶቹን ፍጥነት ከዚያ ማነጻጸር ይችላሉ፤ ሜሞሪው ሲሞላ የሚሆነውን ግን አይነግርዎትም።

እኔ በራሴ ገንዘብ የገዛሁት ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ አለኝ። የሚቋረጥብዎትን ሳሎን ከላኩልኝ ሬንደር አድርጌ የወሰደውን ጊዜና የያዘውን ሜሞሪ ከነስክሪን ፎቶው እዚሁ አስቀምጣለሁ።

መልስ፦ ሚኪያስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወይዘሮ ሣራ፣ ፋይሉን ዛሬ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል እጭናለሁ። ሁለት ምንጣፍና የሐር መጋረጃ ያለበት ነው፤ በእኔ ካርድ ሁልጊዜ የሚቆመው መጋረጃውን ስከፍተው ስለሆነ፣ እባክዎን አንድ ጊዜ መጋረጃው ተደብቆ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተከፍቶ ይሞክሩልኝ። ድራይቨርዎ ስንተኛው እንደሆነም ይጻፉልኝ፤ ወንድሜ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሆኖ እንዲያነበው እልክለታለሁ።