ጥቆማ፦ አዳማ ዙሪያ አፈር የት ይመርመር? ፍግ፣ ሕያው ማዳበሪያና ዩሪያስ የቱ ይቅደም?

ባለ 2 ሄክታር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መሬቱ ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲኬድ ነው፤ 2 ሄክታር። ግማሹ በፓምፕ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ግማሹ ዝናብ የሚጠብቅ ቦሎቄና ጤፍ። አፈሩ ቀላል ነው፤ ሲደርቅ ላዩ ቅርፊት ይይዛል። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ላቦራቶሪ የቱ ይሻላል? የዶሮ ፍግ ወይስ የማደለቢያ? ከሱቅስ ምን ይገዛ? ኖራ ግዛ የሚልም አልጠፋም። የምታውቁ ጠቁሙ።

ደራ መንገድ

ኖራውን አሁኑኑ ሰርዘው። ኖራ የአሲዳማ አፈር መፍትሔ ነው፤ የሰማኸው ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ከ5.5 በታች ለወረደው ለጎጃምና ለወለጋ መሬት የሚባለውን ነው። አዳማ ዙሪያ ብዙ ቦታ ፒኤቹ ከ7 ያልፋል። እዚህ ኖራ መበተን ፎስፈረሱን፣ ዚንኩንና ብረቱን በገዛ ገንዘብ ከሥሩ ማራቅ ነው።

ላቦራቶሪ ሲመረጥ ዋጋና ርቀት ብቻ አይታይ፤ በምን ዘዴ እንደሚለኩ ጠይቅ። ለአንተ ዓይነት አፈር ፎስፈረስ መለካት ያለበት በኦልሰን ዘዴ ነው። በብሬይ ከተለካ አፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦኔት የመለኪያውን አሲድ ይበላዋል፤ ፎስፈረሱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስልና ሳያስፈልግህ ኤንፒኤስ (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ) ትገዛለህ። ኢሲ የሚባለው የጨው ልኬትም እንዲሁ ነው። «ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር በላይ ጨዋማ ነው» የሚባለው በውሃ ጠግቦ እንደ ጭቃ ከተላቆጠ አፈር በተጨመቀ ውሃ ሲለካ ነው። አንዳንዱ ላቦራቶሪ 1 እጅ አፈር በ2.5 ወይም በ5 እጅ ውሃ በጥብጦ ይለካል፤ ያ ቁጥር በብዙ እጥፍ ያንሳል። ዘዴው ወረቀቱ ላይ ይጻፍልህ። ደግሞ 4 አልደረሰም ተብሎ አይተኛም፤ በተላቆጠው ልኬት ቦሎቄ ከ1፣ ሽንኩርት ከ1.2፣ ቲማቲም ከ2.5 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል።

ቦታዎቹን ላወዳድርልህ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በአሰላ መንገድ ላይ ስለሆነ ለአዳማ የሚቀርበው እሱ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩን የሚያነብልህ ሰው ነው፤ ቦሎቄ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ዋና ሥራቸው ነው። ባቱ (ዝዋይ) በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ማዕከል በስሙም በሥራውም የአፈር ነው። ቢሾፍቱ ያለው ሆርቲኮፕ አፈርንም ውሃንም በክፍያ ይመረምራል፤ የአበባና የአትክልት እርሻዎችን የለመደ ነው። የምርምር ማዕከል ላቦራቶሪ ቀዳሚ ሥራው የራሱን ሙከራ መተንተን መሆኑን አስበህ፣ ሰኔ ሲገባ ሳይሆን ቀደም ብለህ ሂድ። የእኔ ምርጫ፦ የመስኖው ግማሽ ከነውሃው ቢሾፍቱ፣ የዝናቡ ግማሽ መልካሳ።

ፒኤች፣ ኢሲ፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ጠቅላላ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ በኦልሰን፣ ሲኢሲ (አፈሩ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ) እና ተለዋጭ ሶዲየም (አፈሩ ቅንጣት ላይ የተያዘው ሶዲየም) በል። «ሙሉ ምርመራ» ብቻ ካልክ ሶዲየሙ ሊቀር ይችላል። የአንተ መሬት ጥያቄ ደግሞ ያለው እዚያ ነው፤ ያ ቅርፊት ያለ ምክንያት አልመጣም።

የመስኖ ሰው

የቅርፊቱ ምክንያት ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ኦርጋኒክ ነገር ማነስ፣ ሌላው ሶዲየም። ተለዋጭ ሶዲየሙ ከሲኢሲው 15 ከመቶ ካለፈ ሶዲክ ይባላል፤ ያኔ ፍግ ብቻ አያድነውም፣ ጂፕሰም (ጥሬ ጀሶ) ያስፈልጋል። ካላለፈ ግን ጂፕሰም የሚሸጥልህን ሰው አመስግነህ እለፍ። ጨዋማ ሆኖ ሶዲክ ያልሆነን አፈር የሚያጥበው ጥሩ ውሃና መውጫ ያለው ቦይ ነው፤ ጂፕሰም ራሱ ጨው ነው።

መጠኑን ራስህ አስላው። በ100 ግራም አፈር ውስጥ 1 ሚሊኢኩቫለንት ሶዲየም ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ለማስወጣት ለሄክታር 4 ቶን ገደማ ንጹሕ ጂፕሰም ይፈልጋል። ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ለዚህ ነው ምርመራው የሚቀድመው። ሲገዛ ደግሞ ጥሬ ተፈጭቶ የቀረበ ይሁን። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ጀሶ የተቃጠለ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ጓል ሆኖ ይደርቅና ከአፈሩ ጋር አይዋሃድም።

ውሃውንም አስመርምር፤ ከአፈሩ ባይበልጥ አያንስም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ወረቀቱ ላይ አርኤስሲ (ከካልሲየሙና ከማግኒዥየሙ የተረፈው ካርቦኔትና ባይካርቦኔት) የሚለውን እይ፤ ከ2.5 ሚሊኢኩቫለንት በሊትር ካለፈ ያ ውሃ በየዓመቱ አፈሩን ወደ ሶዲክ ይገፋዋል፤ ከላይ የምታፈሰው ገንዘብ ሁሉ ከታች ይፈርሳል። ናሙናው ፓምፑ 15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ፣ በራሱ በውሃው ሁለት ሦስት ጊዜ በተለቀለቀ የውሃ ላስቲክ እስከ አፉ ተሞልቶ ይወሰድ። አየር ከገባበት ባይካርቦኔቱ ይለወጣል።

ቀይ ሽንኩርት

ወደ ፍጉ ልምጣ። አዳማና ሞጆ የማደለቢያ አገር ነው፤ የከብቱ ፍግ በቅርብ አለ፣ ርካሽም ነው። ግን ከግቢው ወለል ጋር ተጠርጎ ስለሚጫን ግማሹ አፈር ሊሆን ይችላል፤ ከመኖው የመጣ ጨውም አለበት። የጉድጓድ ውሃህ ጨው ካለው በመስኖው በኩል አታብዛው፣ ለጤፉና ለቦሎቄው ይሂድ። ሌላው ጣጣ ቅንጨ አረም ነው። ጥሬውን ከበተንከው ዘሩን አብረህ ዘራኸው።

የዶሮው ፍግ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሻጩ አንድ አድርጎ ይጠራዋል። ከእንቁላል ጣይ ዶሮ ኬጅ ሥር የሚወጣው ጉዝጓዝ የለውም፤ ናይትሮጅኑ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ለእንቁላሉ ቅርፊት ተብሎ መኖው ላይ የሚጨመረው የኖራ ድንጋይ ስለሚወጣ ፒኤች ወደ ላይ ይገፋል። የሥጋ ዶሮው ሰጋቱራ አለበት፤ ሳይበሰብስ ከገባ ሰጋቱራው የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሱ ይወስድና ሽንኩርቱ ለሳምንታት ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ለመስኖው ግማሽ የበሰበሰ የሥጋ ዶሮ ፍግ እመርጣለሁ።

«ስንት ነው ኢሱዙው?» ከማለትህ በፊት ደረቁን አስላ። 1 ኪሎ መዝነህ ፀሐይ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው። ለምሳሌ 700 ግራም ከቀረ 30 ከመቶው ውሃ ነበር ማለት ነው። 4 ቶን ብትገዛ ደረቁ 2.8 ቶን ነው። 3 ከመቶ ናይትሮጅን ካለው 84 ኪሎ፣ ማለትም ከ1.8 ኩንታል ዩሪያ ጋር የሚስተካከል። በመጀመሪያው ወቅት ለሰብሉ የሚደርሰው ግን ግማሹ ገደማ ነው። ይሄን ይዘህ ዋጋውን ከዩሪያ ጋር አወዳድር፤ በናይትሮጅን ብቻ ፍግ ላያሸንፍ ይችላል። የሚያሸንፈው አፈሩን ስለሚያላላና ውሃ ስለሚያስይዝ ነው፤ ያንን ዩሪያ አያደርገውም።

አበሳሰሉ፦ ክምሩ ከ1 ሜትር ቁመት አይነስ፣ ካነሰ አይሞቅም። ፍጉን ከቦሎቄ ገለባ ወይም ከበቆሎ አገዳ ጋር ደርብ። በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ሁለት ጠብታ ብቻ ይውጣ። ከ55 እስከ 65 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ መለኪያ ከሌለ ብረት ወግተህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስታወጣው ለመያዝ የሚያቃጥል ይሁን። ሲበርድ ገልብጠው፣ ውጩን ወደ ውስጥ። የአረም ዘር የሚሞተው መሐል የገባው ብቻ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ሳይገለበጥ አለቀ አትበል። የአሞኒያ ሽታ ካለው ገለባ ጎድሎታል፤ ዝም ብሎ ካልሞቀ ደርቋል ወይ ገለባ በዝቶበታል። ሦስት ወር ስጠው።

በከረጢት የሚሸጠው ቨርሚኮምፖስትስ (በትል የተብላላው)? ጥሩ ነገር ነው፣ ለችግኝ መደብ። በሄክታር ልበትን ካልክ ቤትህን ትሸጣለህ።

ባለ ቦሎቄ

ከተዘረዘረው ሁሉ በብር ብዙ የሚመልሰው ሕያው ማዳበሪያ (ከሥሩ ጋር ሆኖ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ) ይመስለኛል፤ ማንም አላነሳውም። መናገሻ ባዮቴክ የሚያመርተው በ125 ግራም ከረጢት ነው፣ ለሄክታር 4 ከረጢት፣ ማለትም አንድ ከረጢት ለአንድ ጥማድ። የቦሎቄውን ለይተህ ጠይቅ፤ ኤችቢ-429 የሚባለው ዝርያ የቦሎቄ ነው። የባቄላው ወይም የአኩሪ አተሩ ለቦሎቄ አይሠራም፤ ባክቴሪያውና ሰብሉ ካልተዋወቁ ዱቄት ነው የገዛኸው።

የሚበላሸው እዚህ ነው። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የከረመ ከሆነ ማብቂያ ቀኑ ባያልፍም ተወው። ለጥማድ የሚሆነውን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ዘር በስኳር ውሃ ትንሽ አርጥበህ ጥላ ውስጥ ለውሰው፤ ዘሩ ይለጠፍበት እንጂ አይራስ። በዚያው ቀን፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ዝራና ወዲያው ሸፍን። በፈንገስ መድኃኒት በታሸ ዘር ላይ አትለውሰው። ኤንፒኤሱም ዘሩን አይንካ፤ በመስመሩ ከዘሩ ጎን ዝቅ ብሎ ይግባ። ለጥማድ 25 ኪሎ ኤንፒኤስ በቂ ነው፤ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ለመነሻ ይሆነዋል። ዩሪያ ከጨመርክበት ግን ተክሉ «ተገኘልኝ» ብሎ ባክቴሪያውን ይተወዋል።

ሊያብብ ሲል አምስት ስድስት ተክል ከነሥሩ በአካፋ አንሳ፣ አትንቀል። ሥሩ ላይ ያለውን ዕባጭ በጥፍር ክፈለው። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልያዘም።

ደራ መንገድ

ከዚህ ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ልጨምር። መሬቱ ሶዲክ ከሆነ ሕያው ማዳበሪያውም አይዝም። ምርመራው ይቅደም።

ጠብታ በጠብታ

ስለ ሱቁ ዕቃ። ኤንፒኤስ ከመቶው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው። ዩሪያ 46 ናይትሮጅን። እነዚህን ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ውሰድ፤ ከመንገድ ዳር በትንሽ በትንሹ የተፈታ ጆንያ አትግዛ። ከተጠራጠርክ አንድ ማንኪያ ዩሪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጥ፦ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም ይቀዘቅዛል። የጋለ ብረት ላይ ስታደርገው ቀልጦ እየጨሰ ይጠፋል፤ እየተንጣጣ የሚቀር ካለ ጨው ተደባልቋል። ኤንፒኤስ ግን በዚህ አይፈተንም፤ ዝቃጭ መተው ተፈጥሮው ነው።

አዳማ ላይ ዩሪያ የሚባክነው በአጠቃቀሙ ነው። ሞቃት፣ አልካላይን አፈር ላይ ተበትኖ ከታደረ አሞኒያ ሆኖ ይበናል። የባሰው ደግሞ ካፊያ ነው፤ ያቀልጠዋል ግን አያስገባውም። ወይ 5 ሳንቲ ሜትር ቀብረህ ሸፍነው፣ ወይ በትነህ ወዲያው ውሃ ልቀቅበት። ለሽንኩርቱ ከፋፍለህ ስጥ፤ ኮረቱ መሙላት ከጀመረ በኋላ ግን አቁም። ዘግይቶ የተሰጠ ዩሪያ አንገቱን ያወፍረዋል፣ ጎተራ ውስጥም ይበሰብሳል።

ለቲማቲሙ አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። ሱቁ ርካሹን የብረት ሰልፌት ወይም በኢዲቲኤ (ብረቱን ይዞ የሚያቆይ ኬሚካል) የተያዘውን ይሰጥሃል፤ አፈሩ ፒኤቹ ከ7.5 ካለፈ ሁለቱም ሥሩ ሳይደርሱ ይቆለፋሉ። በኢዲዲኤችኤ የተያዘ የሚል ይሁን፤ ውድ ነው፣ ግን ትንሽ ይበቃል። ቢጫው ከታች ከአሮጌው ቅጠል ከጀመረ ግን ብረት አይደለም፣ ናይትሮጅን ነው፤ በከንቱ እንዳትገዛ።

ጠብታ መስኖ ካለህ ካልሲየም ናይትሬትን ከኤንፒኬ ወይም ከማንኛውም ሰልፌት ጋር በአንድ በርሜል አትበጥብጥ። ወተት መስሎ ይዘቅጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በተለያየ ቀን ስጥ።

ባለ 2 ሄክታር

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ኖራው ቀረ። ናሙናውን እኔው ልውሰድ ወይስ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ልጥራ?

ደራ መንገድ

እነሱ ቢመጡ ጥሩ፤ አንተም ትችለዋለህ። ምክር በስልክ ከፈለግህ 8028 ደውል። የመስኖውንና የዝናቡን ለይ፤ እያንዳንዱን በዚግዛግ እየሄድክ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ አንሳ። የፍግ ክምር የነበረበትን፣ የአጥር ጥግንና የቦይ ዳርን ዝለል። በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅል፤ የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ይሰጠዋል። አራት ቦታ ከፍለህ ትይዩውን ጣል፤ 1 ኪሎ እስኪቀር ድገመው፣ ጥላ ላይ አድርቀው። ደግሞ ባዶ የዩሪያ ጆንያ ላይ አታስጣው፤ ያኔ ላቦራቶሪው የሚመረምርልህ ጆንያውን ነው።