«እኛም ተቸግረን ነው» የሚል የባለሥልጣን ልጅ ይታመናል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሀብታምና ሹመኛ ቤት ያደገ ሰው ሲወዳደር «እኛም ችግርን እናውቀዋለን» ቢል ምን እንበለው? መነሻ ላስቀምጥ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2012 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የነበረው የሚት ሮምኒ ባለቤት አን በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ የትዳራቸውን መጀመሪያ ተረኩ። ምድር ቤት ሲኖሩ የልብስ መተኮሻው የምግብ ጠረጴዛ፣ የተጋደመ በር ደግሞ መጻፊያ ነበር። ፓስታና ቱና ነው የሚበላው።

ሞጋች፦ የሚት አባት እኮ አሜሪካን ሞተርስ የተባለውን የመኪና ኩባንያ የመሩ፣ የሚሺጋን ገዥም የነበሩ ሰው ናቸው። አን ራሳቸው በ1994 ለቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ሲናገሩ፣ ተማሪ ሳሉ የኖሩት አክሲዮን እየሸጡ እንደነበር አልደበቁም። አክሲዮኑን አባትየው በልጃቸው የልደት ገንዘብ ነበር የገዙት። በ2012 ጠረጴዛው ገባ፣ ቱናው ገባ፣ አክሲዮኑ ቀረ።

ቀስ በሉ፦ ውሸት ግን አልተናገሩም። ሰው ከሌላው ጋር የሚያገናኘውን ሲፈልግ ያለችውን ይመዛል። በጊዜው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሪሺ ሱናክ በ2024 በልጅነትህ ምን ቀረብህ ሲባል ስካይ ቴሌቪዥን (በክፍያ የሚታይ ነው) ብሎ መሳቂያ ሆነ። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ፋርማሲስት፤ ቅድሚያ የሰጡት ለትምህርቱ ነው። ሰውዬው የተጠየቀውን መለሰ፤ ምን ይበል?

ሞጋች፦ «ብዙም አልቀረብኝም» ይበላ!

ሦስተኛ ወገን፦ ትራምፕን ረሳችሁት እንዴ? በ2015 አባቴ ትንሽ ብድር ሰጠኝ አለ፤ ትንሿ 1 ሚሊዮን ዶላር ናት። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2018 ሰነድ አገላብጦ፣ ከአባቱ ንግድ ያገኘው በ2018 ዋጋ ሲሰላ ቢያንስ 413 ሚሊዮን ዶላር ነው ሲል ዘገበ። በ2024 እንደገና ተመረጠ። መራጩ ካልከፋው እኛን ምን አገባን?

ሳቂታ፦ እኔ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን የባለጸጋ ልጅ፣ ጆን ኬኔዲን እመርጣለሁ። በ1958 በጋዜጠኞች እራት ላይ ከአባቴ የመጣ ቴሌግራም ነው ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ አንድም ድምፅ እንዳትገዛ የሚል አነበበ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቢያንስ አልተደበቀም።

ሞጋች፦ ብልጥ ነው እንጂ! አንዴ ከሳቅክለት በኋላ ስለ አባቱ ገንዘብ በቁም ነገር ብትጠይቅ ቀልድ የማይገባህ አንተ ትሆናለህ። ከሁሉም የሚያደናግረው ይሄኛው ነው።

ቀስ በሉ፦ እሺ፣ ምን ትፈልጋለህ? ይናዘዙ?

ሞጋች፦ ኑዛዜ ምን ያደርግልኛል። ሚት ሮምኒ በዚያው በ2012 ኦሃዮ ላይ ለኮሌጅ ተማሪዎች ተማሩ፣ ድፈሩ፣ ካስፈለገም ከወላጆቻችሁ ተበድራችሁ ንግድ ጀምሩ ብሎ መከረ። ከልቡ ነው የመከረው። የሚያበድር ወላጅ የሌለው ተማሪ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አልታየውም። ያኔ ቢመረጥ ኖሮ የትምህርት ብድርና የውርስ ግብር ሕግ የሚፈርመው ይህ ሰው ነበር።

ቀስ በሉ፦ በዚህኛው ተረታሁ። ሱናክን ግን አልለቅልህም።