ራኒንግ ባክ ራሱን ደፍቶ ሲገጭ፦ የሄልሜት ቅጣቱ ማንን ይመለከታል?

ጠያቂ (ፒያሳ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። እሁድ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ተሰብስበን የአሜሪካ ፉትቦል እናያለን፤ በመስከረምና በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለሚጀምሩ እንቅልፍ አያሳጡም። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር አከራክሮናል። ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች) ራሱን ደፍቶ ተከላካዩን በሄልሜቱ ገጭቶ ሲያልፍ ዳኛው ዝም አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ተከላካይ ያንኑ ሲያደርግ የጥፋት ምልክት የሆነው ቢጫ ጨርቅ ተወረወረ። ሕጉ የሚመለከተው ተከላካይን ብቻ ነው? ሯጩንም የሚመለከት ከሆነስ፣ ጎንበስ ብሎ መሮጥ የሥራው ግማሽ ለሆነ ተጫዋች ምን ቀረለት?

መልስ (ማራኪ)

ሕጉ ሁለቱንም ይመለከታል፤ እንዲያውም መጀመሪያ ሲወጣ ጫጫታ ያስነሣው ኳስ የያዘውንም ማካተቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ክለቦች ባለቤቶች 31 ለ1 በሆነ ድምፅ ባጸደቁት ደንብ መሠረት፣ ሯጭም ሆነ ተከላካይ ባላጋራውን በሄልሜቱ አናት በኃይል ቢመታ ቡድኑ 15 ያርድ (14 ሜትር ያህል) ሜዳ በማጣት ይቀጣል፤ ይሁንና ክልከላው የሚሠራው ሁለቱ ቡድኖቹ ከሚፋጠጡበት መስመር ግርግር ወጥተው በክፍት ሜዳ ሲገናኙ ብቻ ነበር። በሊጉ ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያርድ የሮጠው ኤሚት ስሚዝ ሳይቀር ደንቡን ተቃውሞታል። በ2018 ግን ቦታ መለየቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተጫዋች፣ በየትኛውም የሜዳ ክፍል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በሄልሜቱ ቢጋጭ ያስቀጣዋል፤ የተመታው የባላጋራው ደረት ቢሆን እንኳ ያው ነው።

ምክንያቱ አንገት ነው። ቀና ያለ አንገት በተፈጥሮው ቅስት ስላለው ግፊትን ይከፋፍላል፤ ራስ 30 ዲግሪ ያህል ሲደፋ ግን አጥንቶቹ እንደ በትር ቀጥ ይላሉና የግጭቱ ጉልበት ሁሉ በእነርሱ ላይ ያርፋል። የፒትስበርጉ ተከላካይ ራያን ሼዚር በ2017 መጨረሻ ራሱን ደፍቶ ሲጋጭ አከርካሪው ተጎድቶ ዳግመኛ ሳይጫወት ቀርቷል፤ የ2018ቱ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ነው።

መልስ (አዘዞ)

ከላይ የተጻፈው ትክክል ቢሆንም የጠያቂው ቅሬታም መሠረት አለው። በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ሕግ በሜዳ ላይ እኩል አይሠራም፤ ሯጩ ሊጥሉት ከሚመጡ ሰዎች ፊት ሰውነቱን መሰብሰቡ ራስን መከላከል ስለሚመስል፣ ማን ግጭቱን እንደጀመረም በዚያ ፍጥነት መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። ይህ እንደ እኔ ለሯጩ ውለታ አይደለም፤ የሚሰበረው አንገት የራሱ ነውና።

ቅጣቱ ሲጣል ደግሞ ለሯጩ ቡድን ይከብዳል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ሙከራ ላይ 5 ያርድ ቀርቶ፣ ሯጩ 6 ያርድ ካለፈ በኋላ ራሱን ደፍቶ ገጨ እንበል። 15 ያርዱ የሚቆጠረው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቦታ ስለሆነ ኳሱ ከመነሻው 9 ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከግጭቱ በኋላ የሮጠው ሁሉ ተሰርዞ ሁለተኛው ሙከራ ይደገማል፣ የሚቀረውም 14 ያርድ ይሆናል። ያጠፋው ተከላካይ ቢሆን ኖሮ ግን 15 ያርድ በሩጫው ላይ ተጨምሮ አዲስ አራት ሙከራ ይሰጥ ነበር። ዳኛ ያለፈውንም ሊጉ በቪዲዮ አይቶ ተጫዋቹን በገንዘብ ሊቀጣው ይችላል።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው ትከሻን ዝቅ አድርጎ መግጨት ይፈቀዳል ማለት ነው?

መልስ (ማራኪ)

አዎን፣ ይፈቀዳል። ጉልበቱንና ወገቡን አጥፎ፣ ፊቱን ከባላጋራው ሳያነሣ በትከሻው ቢገፋ፣ ሄልሜቶቹ በአጋጣሚ ቢነካኩ እንኳ ጥፋት አይሆንም። በተደገመው ምስል የሯጩን ፊት ይመልከቱ፦ ከግጭቱ በፊት ዐይኑ ወደ ሣሩ ከዞረና ቀድሞ የደረሰው አናቱ ከሆነ ጥፋት ነው። በተዘረጋ እጅ መግፋትም ሕጋዊ ነው፤ በ2020 የውድድር ዘመን 2,027 ያርድ የሮጠው ዴሪክ ሄንሪ ተከላካዮችን በዚህ መንገድ ሲያስወግድ ብዙ ጊዜ ታይቷል። የባላጋራን የፊት ፍርግርግ ጨብጦ መጎተት ግን ራሱን የቻለ ሌላ የ15 ያርድ ቅጣት አለው።