ሶፍትቦክስ ገዛሁ፤ ጥላው ግን አልለሰልስ አለኝ

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። 3 በ4 ሜትር የሆነች ፎቶ ቤት አለችኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው በነጭ የፍላሽ ጃንጥላ ነበር። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ወርጄ 90 ሳንቲ ሜትር ባለ ስምንት ማዕዘን ሶፍትቦክስ፣ ማለትም የፍላሽን ብርሃን በነጭ ጨርቅ አሳልፎ የሚያለሰልስ ሳጥን፣ ገዛሁና የካሜራዬን ፍላሽ አሰርኩበት። እናቴን የሐበሻ ቀሚስ አልብሼ ሞከርኩት። ግንባሯ አብለጨለጨ፣ ግድግዳው ላይ ድርቅ ያለ ጥላ ወጣ፣ ቀሚሷም ፈትሉ ጠፍቶ ወረቀት መሰለ። ሶፍትቦክሱ ከእሷ 2 ሜትር ተኩል ይርቃል፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የተቀመጠችው። ጥር ላይ ሙሽሮች ይዣለሁ። ገንዘቤን በከንቱ አወጣሁ?

መልስ፣ ከደብረ ሲና
በከንቱ አላወጣሽም እህቴ፤ አራቅሽው እንጂ። ብርሃን የሚለሰልሰው ከተቀመጠው ሰው ሲታይ ምንጩ ትልቅ ሲሆን ነው። ፀሐይ ግዙፍ ሆና ሳለ ሩቅ ስለሆነች ጥላዋ ስለታም ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ግን ሰማዩ ሁሉ መብራት ይሆናል፤ ጥላሽን ፈልገሽ አታገኚውም። ሶፍትቦክሱን 1 ሜትር ድረስ አስጠጊው፣ ፎቶው ውስጥ እስካልገባ ድረስ አትፍሪ። ሲቀርብ ብርሃኑ 6 እጥፍ ያህል ስለሚጨምር ፍላሹ ግማሽ ኃይል ላይ ከነበረ ወደ 1/8 ወይም 1/16 አውርጂው። ባትሪሽም ይቆይልሻል።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
እናትሽን ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል አንሺያት፤ ጥላው ከፎቶው ውጭ ይወድቃል። ክፍሉን በ4 ሜትሩ በኩል ተጠቀሚ። ሌላው፣ የሶፍትቦክሱን የውስጥ ሁለተኛ ጨርቅ አድርገሽዋል? ብዙ ሰው ከካርቶኑ ሳያወጣው ይቀራል። የፍላሹንም ዙም ወደ 24 አምጪው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይሰፋል። ዙሙ ጠባብ ከሆነ መሐሉ ብቻ ይበራና የገዛሽው 90 እንደ 30 ይሠራል።

ጠያቂዋ
የውስጡ ጨርቅ እውነትም ካርቶኑ ውስጥ ነበር! ዙሙም 105 ላይ ነበር።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ
ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ስለ ቀሚሱ ልንገርሽ። ሶፍትቦክሱን ከዓይኗ ከፍ አድርጊና መሐሉ ፊቷን በቀጥታ እንዳይመታ ትንሽ ወደ ካሜራው በኩል አዙሪው፤ ፊቷን የሚነካው የጠርዙ ብርሃን ይሁን። በቅርብ ያለ መብራት ትንሽ ራቅ ሲሉት ብርሃኑ ቶሎ ስለሚደክም ቀሚሱ ከፊቷ ያነሰ ይደርሰዋል። ካሜራሽ ከልክ ያለፈውን ነጭ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይ ከሆነ፣ የቀሚሱ ብልጭታ እስኪጠፋ ኃይሉን ቀንሺ። ጭኗ ላይ ያለው ነጠላ ራሱ ወደ አገጯ ብርሃን ይመልሳልና ሪፍሌክተር ለመግዛት አትቸኩዪ።
የግንባሩን ነገር ደግሞ፣ በእናንተ ብርድ ሰው ሁሉ ቫዝሊን ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በሶፍት ቀስ አድርገሽ ጥረጊላት፣ ግን ጨርሰሽ አታድርቂው። ጠይም ፊት ላይ ሰፊና ለስላሳ ወዝ ሲያርፍ ጉንጩና አፍንጫው ቅርጽ ያወጣል። በፓውደር የታፈነ ፊት አመድ ሲመስል ማየት ያሳዝነኛል።

ጠያቂዋ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሜ አነሣኋት፤ የቀሚሷ ፈትል አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይኗ ውስጥም ክብ ብርሃን ገብቷል። አሁን የቀረኝ ጉንጯ ላይ ያለ አረንጓዴ ነገር ነው። ሙሽሮቹንስ ውጭ በሶፍትቦክሱ ላነሣ እችላለሁ?

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
ግድግዳሽ አረንጓዴ ቅብ ነው? ቀለሙን ወደ ፊቷ እየመለሰ ነው። በጥላው በኩል ነጭ አንሶላ ስቀይበት።

መልስ፣ ከደብረ ሲና
ውጭ ላይ ተጠንቀቂ። የደብረ ብርሃን ነፋስ 90 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ሲያገኝ የመርከብ ሸራ ያደርገዋል። ባዶ የስኳር ከረጢት አሸዋ ሞልተሽ ስታንዱ እግር ላይ ጫኚ፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው ይዞት ይቁም። ነፋሱ ከበረታ ፍላሹን አጥፊና ሙሽሮቹን ሰፊ በር ውስጥ፣ ከደጁ አንድ እርምጃ ገባ አድርገሽ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሪ። በሩ ራሱ ሶፍትቦክስ ይሆንልሻል።