አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰማኝ፤ ምድር ቤት ያሉት አልተሰማቸውም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የከዚራ ነዋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በፈንታሌ አካባቢ በሬክተር ስኬል 6.0 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለው መኖሪያዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርሁ። መጀመሪያ ሰው በሩን በቀስታ ያንኳኳ መሰለኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወለሉ በጀልባ ላይ እንደቆሙ ዓይነት ወዲያና ወዲህ አለ፣ አምፖሉም በገመዱ ላይ ተወዛወዘ። ወዲያው ደቻቱ ወንዝ ዳር ለምትኖረው እናቴ ስደውል ነቅታ ተቀምጣ ነበር፤ ነገር ግን ምንም እንዳልተሰማት ነገረችኝ። ቤቷ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ነው። ታዲያ የእሷ ቤት ከእኔ ይልቅ አስተማማኝ ነው ማለት ነው? እውነቱን ለመናገር ከዚያ ማታ ወዲህ ልጆቼን ይዤ ወደ እሷ ለመዛወር እያሰብሁ ነው። ሌላው ጭንቀቴ ጅቡቲ ባሕር ዳር የምትኖረው እኅቴ ናት። ሱናሚ ይመጣል የሚል የድምፅ መልእክት ደርሷት እንቅልፍ አጥታለች። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

የሥነ ምድር መምህር፦

እርስዎም እናትዎም የተናገራችሁት ትክክል ነው። ከድሬዳዋ እስከ ፈንታሌ በቀጥታ መስመር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሻው ከሚወጣው ሞገድ ውስጥ ፈጥኖ የሚርገበገበው ክፍል በመንገዱ ላይ እየደከመ ሲቀር፣ ረጋ ብሎ የሚወዛወዘው ግን ሩቅ ይጓዛል። ከፍ ያለ ሕንፃም ሲነካ የሚወዛወዘው ረጋ ብሎ ነው። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ በራሱ ምት ተጠብቆ በትንሹ ቢገፋ ውዝዋዜው እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ከሩቅ የመጣው ደካማ ሞገድም የፎቁን ምት ሲያገኝ እርስዎ ዘንድ ጎልቶ ይሰማል። አጭሩና ግትሩ የእናትዎ ቤት የሚወዛወዘው በፈጣን ምት ስለሆነ፣ ያ ሞገድ ሳያናውጠው አልፏል።

የበሩ መንኳኳት የመሰለዎት ደግሞ የመጀመሪያው ሞገድ ነው። እሱ በቅርፊተ ምድር ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ጠንከር አድርጎ የሚያናውጠው ሁለተኛው በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይከተለዋል። ስለዚህ ከፈንታሌ ተነሥተው እኛ ዘንድ ሲደርሱ በመካከላቸው 26 ሰከንድ ገደማ ይኖራል። በሁለቱ መካከል የቆጠሩትን ሰከንድ በ8 ቢያባዙት መነሻው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ በግምት ያገኛሉ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳየው ስሌት ነው፤ በእርስዎ ቤት መታየቱ ደንቆኛል።

የፈንታሌው መንቀጥቀጥ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው ቅልጥ አለት ከሥር ወጥቶ ስንጥቅ እያሰፋ ወደ ጎን ስለገባ ነው። ስምጥ ሸለቆው በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል፤ አንዳንዴ ግን በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በአፋር ዳባሁ እንደታየው የብዙ ዘመኑ ክፍተት በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚያን ጊዜ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ የሚናገር መልእክት ከደረሰዎት ግን አይመኑት፤ ይህን ማድረግ የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም።

የግንባታ መሐንዲስ፣ ሳቢያን፦

መምህሩ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ጠያቂያችን ወደ እናትዎ ቤት ለመዛወር ማሰብዎ አሳስቦኛል። እናትዎ ያልተሰማቸው መነሻው ሩቅ ስለነበረ ነው። መነሻው ቅርብ ቢሆን ፈጥኖ የሚርገበገበው ሞገድ ሳይደክም ስለሚደርስ፣ የሚጎዳው በተለይ አጭሩንና ግትሩን ቤት ነው። በዚያ ላይ ደቻቱ ዳር ያለው መሬት ወንዙ ለዘመናት ያመጣው አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህ ወንዝ ምን ያህል አፈር እንደሚሸከም አይጠፋውም። ልል ደለል ደግሞ ከጠንካራ አለት ይልቅ ሞገዱን አጉልቶ ያናውጣል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሆነው አለት ላይ ያለው ቤት ሲተርፍ ደለል ላይ ያለው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሆኖም ከመሬቱም በላይ የሚያስፈራኝ አሠራሩ ነው። የማጀቴና የሰርዶ ከተሞች በመሬት መንቀጥቀጥ፣ ማጀቴ በ1953 ዓ.ም.፣ ሰርዶ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ሲፈርሱ ሰውን የጎዳው የወደቀበት ግንብ እንጂ የተናወጠው መሬት አይደለም። በከተማችን እየበዛ ያለው ከሥሩ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው የተነሣለት፣ ከላዩ ግን በብሎኬት የተዘጋ ፎቅ ነው። እንዲህ ያለው ሕንፃ ሲናወጥ ጫናው ሁሉ ሥር ባሉት ቀጫጭን ኮለኖች ላይ ያርፋል። በኮለኑ ውስጥ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ከላይና ከታች ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ካልታሰረና ጫፉ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ፣ ፌሮው ወደ ውጭ ተጣሞ ሶሌታው ይወርዳል። ስታፋ ርካሽ ነገር ነው፤ እሱን ለመቆጠብ ሲባል የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ በሥራዬ አይቻለሁና ይህን ስጽፍ ያመኛል።

የጁገል ልጅ፦

ከሐረር ነው የምጽፈው። እዚህ ብዙ ሰው አሮጌው የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ምንም አይነካውም ይላል፤ እኔም እንዲሁ ሳምን ኖሬያለሁ። መሐንዲሱ ስለ ክብደት ምን ይላሉ? የአያቶቼ ቤት በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውም በእንጨት ተሸካሚ ላይ የተደለደለ አፈር ነው። ጎረቤታችን ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ግድግዳ ላይ በብሎኬት አንድ ክፍል ጨምሯል። ሌላው የማስታውሰው የደንገጎ መንገድ ነው፤ በዝናብ ጊዜ እንኳ ድንጋይ የሚንከባለልበት ገደል ቢናወጥ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

የግንባታ መሐንዲስ፣ ሳቢያን፦

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። በሚናወጥ ቤት ላይ የሚያርፈው ኃይል በክብደቱ ልክ ያድጋል፤ ክብደቱ ከላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጭቃ ድንጋዩን ወደ ታች ሲጫን ይይዘዋል፤ ወደ ጎን ሲገፋ ግን አይይዘውም። ቅርሱን ሳያበላሹ ማእዘኖቹን እርስ በርስ ማያያዝ ይቻላል፤ በላዩ ላይ ብሎኬት መጨመር ግን መቆም አለበት።

የሥነ ምድር መምህር፦

የጅቡቲዋን እኅትዎን አልረሳኋትም። ታላቅ ሱናሚ በአብዛኛው የሚነሣው አንዱ ሳህን (ግዙፍ የቅርፊተ ምድር ክፍል) ከሌላው ሥር በሚገባበት ስፍራ፣ የባሕሩ ወለል በድንገት ወደ ላይ ሲነሣ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሱማትራ የተሰበረው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ መጠኑም 9.1 ነበር። በመጠን አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 ጊዜ ያህል ስለሚያድግ፣ ያ መንቀጥቀጥ የየካቲቱን ከ40,000 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ማዕበሉ በጥልቅ ውኃ ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ፣ ከ7 ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ የሶማሊያዋን ሃፉንን መታ፤ በሶማሊያ ብቻ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ጊዜ ነበረ፤ ማስጠንቀቂያ ግን አልደረሳቸውም።

የኤደን ባሕረ ሰላጤና ታጁራ ግን ሳህኖች የሚራራቁባቸው ስፍራዎች ናቸው፤ ቅርፊቱ ቀጭንና ሞቃት ስለሆነ ስንጥቆቹ አጫጭር ናቸው፣ እንደ ሱማትራው ያለ ጉልበትም አያጠራቅሙም። በ1971 ዓ.ም. በጅቡቲው አሳል ሐይቅ አጠገብ መሬቱ ሲሰነጠቅና እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እንኳ ያን የመሰለ ማዕበል አልተነሣም። ቢሆንም ከባሕር ሥር የሚናድ ቁልቁለት ውኃ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ አንድ ነገር ይንገሯት፦ ባሕር ዳር ሆና መሬቱ በብርቱ ከተናወጠ ወይም ውኃው ከልማዱ ውጭ ከሸሸ፣ መልእክት ሳትጠብቅ ልጆቿን ይዛ ወደ ከፍታ ትሂድ፤ የመጀመሪያው ማዕበል ካለፈ በኋላም ቶሎ አትመለስ፣ ተከታዩ ሊበልጥ ይችላልና።

የከዚራ ነዋሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእኅቴ ሁሉንም አነበብሁላት። የእኛ ፎቅ ከሥሩ አራት ሱቅ አለው፤ አሁን ስታፋው እንዴት እንደታሰረ ማየት ይቻላል?

የግንባታ መሐንዲስ፣ ሳቢያን፦

ሳይፈርስ በመሣሪያ ብረቱ በምን ያህል ርቀት እንደተቀመጠ ይለካል። የማኅበሩን ኃላፊ የሕንፃውን ፕላን እንዲያወጡ ይጠይቁልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ከሱቆቹ በኩል ያሉትን ኮለኖች አብረን እናያለን።