ያለመከሰስ መብቱ የወንበሩ ነው የሰውየው?

የታቦር ልጅ፦ ትናንት አሞራ ገደል ዓሳ በዳጣ እየበላን የጀመርነው ክርክር እዚህ ይቀጥል። ሥልጣን ላይ ያለ መሪ በጅምላ ግድያ ተጠርጥሮ ሌላ አገር ቢሄድ መታሰር አለበት? እኔ አለበት ባይ ነኝ። ሰው ላስጨረሰ ቀይ ምንጣፍ አይነጠፍም።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ሕጉ እንደዛ አይልም። ቤልጂየም በ2000 እ.ኤ.አ. የኮንጎውን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዬሮዲያን ለመያዝ ማዘዣ አወጣች። ኮንጎ ሄግ ሄዳ ከሰሰቻት። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2002 ማዘዣውን ሰርዢ አላት። ሰውየው ንጹሕ ነው ግን አላለም። ሚኒስትር ሆኖ ሳለ የሌላ አገር ፍርድ ቤት አይነካውም ነው ያለው። ትናንት ሳህኑን ወደ አንተ ስገፋው ዓሳው ያንተ ሆነ አይደል? ይሄም ያለመከሰስ መብት ወንበሩን ተከትሎ ለተተኪው ያልፋል።

ባጃጅ፦ ሳህኑን አልገፋም ካለስ ጋሼ? 😂

ጡረተኛው፦ እሱ ነው ችግሩ። ከወረደ ግን ይያዛል። የቺሊ መሪ የነበረው ፒኖቼት በ1998 ለንደን ታሰረ። የቻዱ ሂሴን ሃብሬ በ2016 ዳካር ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

የሐይቅ ዳሯ፦ ከሥልጣን በወረደ ከ25 ዓመት በኋላ! ስንቱ ተበዳይ ፍርዱን ሳያይ ሞተ? ደግሞ ጋሼ፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሮም ስምምነት ዘለሉት። አንቀጽ 27 ሹመት ከክስ አያድንም ይላል። የሱዳኑ አልበሽር ገና ፕሬዚዳንት እያለ ነው በ2009 ከዚያ ፍርድ ቤት ማዘዣ የወጣበት።

ፊሌቶ፦ ወጣበት፣ ማን ያዘው? በ2015 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ከአገር እንዳይወጣ ብሎ እያለ በአውሮፕላኑ ውልቅ አለ። በ2012 ማላዊ አልቀበለውም ስትል የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዲስ አበባ መጣ። እኛ የሮም ስምምነት አባል አይደለንም፤ አላፍርበትም። የጎረቤት መሪ ብታስር ዋጋውን የሚከፍለው መተማ ያለው ገበሬ ነው።

የታቦር ልጅ፦ የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ዘር ማጥፋት በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታገድም፣ በምሕረት አይታለፍም እያለ?

ጡረተኛው፦ ይርጋና ያለመከሰስን አታምታታ። 28 ስለ ሌላ አገር መሪ አንድም ቃል የለውም። አንተ የምትለው መሆን የነበረበትን ነው፣ እኔ ያለውን።

ባጃጅ፦ እሺ ያለውን እንጠይቅ። መንግሥቱ ኃይለማርያም በ1991 ከወንበሩ ወረደ። እዚሁ አገር በሌለበት በዘር ማጥፋት ተፈረደበት። እንደ እርስዎ አባባል ምንም ከለላ የለውም። ታዲያ ዚምባብዌ ለምን አልሰጠችንም?

የሐይቅ ዳሯ፦ ጋሼ እየጻፉ ነው ይላል... አሥር ደቂቃ ሆነ።