ፀሐይ ያጠራችው ፍሳሽ ባክቴሪያዎቹን ገደለብኝ

ለመመረቂያ ጥናቴ የወረቀት ፋብሪካ ፍሳሽ እያከምኩ ነው። ቡናማ ያደረገው ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) ነው፤ ባክቴሪያ ብቻውን አይደፍረውም። ስለዚህ የ5 ሊትሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወደ 2.8 አውርጄ፣ የብረት ሰልፌትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምሬ፣ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆየሁት። ቀለሙ እንዴት እንደጠራ ባያችሁ!

ከዚያ ፒኤቹን ወደ 7 መልሼ፣ የብረቱን ዝቃጭ አጥልዬ፣ አየር ከሚነፋለት የባክቴሪያ ገንዳ ጨመርኩት። በማግስቱ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን መጠቀም አቁመዋል። መመርመሪያ ወረቀቱ በሊትር 100 ሚሊግራም ገደማ ፐርኦክሳይድ እንደቀረ አሳየኝ። ሌሊቱን ሙሉ አየር ብነፋበትም ብዙ አልቀነሰም። ፐርኦክሳይዱን እንዲያጠፋልኝ ሶዲየም ሰልፋይት ሞከርኩ፤ ትርፉ ግን ኦክስጅኑን ራሱ ይሻማል። ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን የሚከፋፍለውን ካታላዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ገበያ ላይ አላገኘሁም።

የዳቦ እርሾ ካታላዝ ስላለው፣ በፍሳሹ ላይ ሌላ የብክለት ጭነት ሳልጨምር ፐርኦክሳይዱን ለማጥፋት በሊትር ስንት ግራም ልጠቀም?